ቤታቸው ሲገቡ የሚታመሙ ሰዎች

ይህን ታሪክ ለሰው ስናገር ሁልጊዜ ከየት እንደምጀምር ይጠፋኛል። ከነቀዙ ልጀምር? ከሠርጌ ልጀምር? ወይስ አማቴ በሐኪም ፊት ጣታቸውን ከቀሰሩብኝ ቀን? ለማንኛውም ከራሴ ልነሳ።

ስመኝ እባላለሁ፤ የቢቸና ልጅ ነኝ። አባቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ጤፍና ሽምብራ ያርሳል። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ቤት በተቀመጥኩበት ሰሞን ሽማግሌ ተላከብኝና ጥር ላይ ተድሬ ሞጣ አጠገብ ገባሁ። ባሌ ደረጀ ገበሬ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው። ሠርጉ ሲያልፍ በዚያ አገር የማውቀው እሱን ብቻ ነበር፤ እሱንም ቢሆን ገና እየለመድኩት ነበር።

ግቢው ውስጥ ያለው ትልቁ ቤት የባሌ ወላጆች ነው። አባቱን አባባ፣ እናቱን እማማ እላቸው ነበር። እነሱና የመጨረሻ ልጃቸው እማዋይሽ እዚያ ይተኛሉ። እማዋይሽ ያኔ ገና ትምህርት ቤት አልገባችም፤ ከመጣሁበት ቀን ጀምሮ ቀሚሴን ይዛ ከኋላዬ አትለይም ነበር። ለእኔና ለደረጀ የተሰጠን ከትልቁ ቤት ፈንጠር ያለች አንዲት ክፍል ናት። ቀድሞ የእህል ማስቀመጫ ነበረች። ለሙሽሮች ተብላ ተለስና፣ ኖራ ተቀብታ ስትሰጠን፣ በውስጧ የነበረው በቆሎ በየጆንያው ወደ ትልቁ ቤት ጓዳ ገባ። ጓዳውን ከመኝታው የሚለየው አንድ መጋረጃ ብቻ ነበር። እህል ቤት ውስጥ መኖሩ ማንን ይገርማል?

ነገሩ የጀመረው በዐቢይ ጾም፣ አንድ ዓርብ ጠዋት ነው። እሳት ላያይዝ ወደ ማድ ቤት ስወጣ ትልቁ ቤት ጭር ብሏል። እማማ ከእኔ ቀድመው የሚነሱ ሰው ስለነበሩ ደነገጥኩ። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተከፈተና አባባ አጎንብሰው ወጡ። አጥሩን ተደግፈው አስመለሳቸው። እማማ ከኋላቸው ራሳቸውን በሻሽ ጥፍር አድርገው አስረው ደፉ ላይ ተቀመጡ።

«ምን ሆናችሁ?» አልኩ ሮጬ።

«ራሴ ሊፈነዳ ነው» አሉ። «እማዋይሽም እያስመለሳት ነው። ማታ ምንድን ነው ያበላሽን?»

«ሽሮ ነው፣ እማማ። እኛም የበላነው ያንኑ ነው።»

«ነጭ ሽንኩርት አብዝተሽበታል። ሌሊቱን ሙሉ ቤቱ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ሲል ነው ያደረው።»

ነጭ ሽንኩርት በቤቱ አልነበረም። ካለቀ ሰንብቷል፤ ገበያ እስኪወጣ እየጠበቅሁ ነበር። ይህንኑ ስነግራቸው ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ የሰማውን ያላመነ ሰው አስተያየት ነበር።

ደረጀ ሦስቱንም ሞጣ ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰዳቸው። የምግብ መመረዝ ሊሆን ይችላል ተብለው ኪኒን ይዘው ተመለሱ። ሲመለሱ ደህና ነበሩ። እማዋይሽ እንዲያውም ስትሮጥ ነው የገባችው። እኔም ተመስገን ብዬ ለራት አጥሚት ሠራሁላቸው። ከዚያው ድስት ለእኔና ለደረጀም ቀዳሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ያው ሆነ። ማስመለስ፣ ራስ ምታት፣ የደረት መጨነቅ። በዚያ ላይ ቤት ውስጥ ከሚያድሩት ዶሮዎች አንዷ ቆጡ ሥር ሞታ ተገኘች። ቁስል የላት፣ ደም የላት። ጎረቤታችን እትዬ ባንቺ ጫጫታውን ሰምተው መጡ። ዶሮዋን በእንጨት ገለበጧት፤ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ደረጀን አዩ።

«እናንተስ?» አሉ። «እናንተ ምንም አልሆናችሁም?»

«እኛ ደህና ነን» አልኩ።

«እህ!» አሉ። በዚያች «እህ» ውስጥ ያለውን ሁሉ ግን ግቢው ሰማው።

እስኪ እናንተ እኔን ሆናችሁ አስቡት። አገር የማታውቅ፣ ገና የመጣች ምራት። ምግቡን የምሠራው እኔ። የሚታመሙት እነሱ። የማልታመመው እኔ። አለ የሚሉትን ነጭ ሽንኩርት የለም የምለውም እኔ። ነገሩን ገጣጥሜ ሳየው እኔ ራሴ ብሆን እንኳ እኔን እጠረጥር ነበር። ክፉ ያሰብኩበትን ቀን በልቤ ፈልጌያለሁ። ሳላውቅ ያደረግሁት ነገር ይኖር ይሆን እያልኩ የጨውን ዕቃ፣ የበርበሬውን ዕቃ፣ የውሃውን ጀሪካን ሁሉ አሽትቻለሁ። ምንም የለም።

ቁርስ ሳቀርብ ደረጀ እጁን ታጠበና ቁጭ አለ። እንጀራውን ቆረሰ፤ መልሶ አስቀመጠው።

«አልራበኝም» አለ።

ማድ ቤት ገብቼ ጭሱን ምክንያት አድርጌ አለቀስኩ።

በእትዬ ባንቺ ምክር ወደ ጸበል ሊሄዱ ተነሱ። እኔም ነጠላዬን ይዤ ወጣሁ።

«አንቺ ቤት ጠብቂ» አሉ እማማ። «ደረጀ ያድርሰን።»

እማዋይሽ «ስመኝም ትምጣ!» ብላ አለቀሰች፤ አባባ አንስተው አዘሏት።

ሲሄዱ በሩን ዘግተውት ነበር። እኔም ሲመለሱ ንጹሕ ቤት ይቆያቸው ብዬ ከሰዓት ገባሁ። መጋረጃውን ስገልጥ ያ እማማ ያሉት ሽታ ጥርት ብሎ መጣብኝ። እውነትም ነጭ ሽንኩርት! ወይም የበሰበሰ ዓሣ የመሰለ ነገር። አልጋ ሥር ፈለግሁ፣ መደብ ሥር ፈለግሁ። የሞተ አይጥ አገኘሁ፤ ነጭ ሽንኩርት ግን የለም። ጓዳ ገብቼ በላስቲክ የተሸፈኑትን የበቆሎ ጆንያዎች ዙሪያ ጠረግሁ። እየጠረግሁ ሳለ ምድሩ ዞረብኝ። ግድግዳ ይዤ ወጣሁና ደጅ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ተዘረጋሁ። ልቤ ይመታል፣ ሆዴ ይገለበጣል።

የምነግራችሁ እውነቱን ነው፤ በመታመሜ ደስ አለኝ። እንደ እነሱ ሆንኩ ማለት ነው፤ በእኔ እጅ የመጣ ነገር አይደለም ማለት ነው። ግን ለማን እነግራለሁ? ያየኝ ሰው የለም። አመመኝ ብል አስመሳይ እባላለሁ። ደግሞ ነፋስ ሲነካኝ ቆይቶ ለቀቀኝ፤ ምልክት እንኳ አልተወልኝም። እኔም ነገሩ ይበልጥ ተምታታብኝ። እውነት ቤቱ ውስጥ የሆነ መንፈስ ይኖር ይሆን? እኔንም የያዘኝ ብቻዬን ስገባ ነው። እስከዚያ ቀን መተት ሲባል የምስቅ ሰው ነበርኩ፤ የዚያን ቀን አልሳቅሁም።

ሰኞ ከሰዓት፣ ሁለት ሌሊት አድረው ከጸበል ሲመለሱ ሦስቱም ድነዋል። የእማማ ፊት ቦግ ብሏል፤ እማዋይሽ በአንገቷ አዲስ ክር አስራለች። እትዬ ባንቺ እልል አሉ። «ይኸው፣ ከቤት ሲርቁ ተሻላቸው» አሉ፤ ከማን መራቃቸውን እንደሚያወሩ ያልገባው አልነበረም።

አባባ ጥቂት አረፍ ብለው ጓዳ ገቡ። ጆንያ ሲያንቀሳቅሱ፣ ላስቲክ ሲያንኮሻኩሹ ሰማሁ። ለራት ወጡን ሳቀርብ እማማ እጃቸውን ከሌማቱ ላይ ሰበሰቡ።

«መጀመሪያ አንቺ ቅመሽው» አሉ።

ደረጀ አቀርቅሮ ነበር። አባባ «ተይ እንጂ!» አሉ፤ ግን እሳቸውም አልቆረሱም። ትልቅ ጉርሻ አድርጌ ጎረስኩ፤ እያዩኝ አኘክሁ፤ እያዩኝ ዋጥኩ። ከዚያ በኋላ ነው የበሉት።

ማክሰኞ ጠዋት የእማማ ጩኸት ቀሰቀሰን። እማዋይሽ አልነሳ ብላለች። ስትጠራ ዓይኗን ትገልጥና መልሳ ትከድናለች፤ ከንፈሯ ጠቁሯል፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። እማማና አባባም መቆም አቅቷቸው ነበር። ደረጀ ልጅቷን ታቅፎ ወደ መንገድ ሮጠ፤ ባጃጅ ተገኘና ተጨናንቀን ሞጣ ሆስፒታል ደረስን። እንድመጣ የጠራኝም፣ እንድቀር ያዘዘኝም አልነበረም፤ ገብቼ ተቀመጥኩ።

የተቀበለን ሐኪም ወጣት ነው። ልጅቷን አልጋ ላይ አስተኝቶ እያዳመጣት «ምን በላች?» አለ።

«እኛ የበላነውን» አሉ እማማ። ከዚያ ክንዳቸውን ዘርግተው በጣታቸው አመለከቱኝ። «ምግቡን የምትሠራው እሷ ናት። እሷ ከመጣች ወዲህ ነው። እሷን ጠይቁልኝ።»

በክፍሉ ውስጥ የነበሩት አስታማሚዎች ሁሉ ዞረው አዩኝ። አንዱ ለሌላው ምራቷ ናት ሲል ሰማሁ። ሐኪሙ ወደ ኮሪደሩ ወሰደኝ።

«ስሚኝ» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ፖሊስ አይደለሁም። ያደረግሽው ነገር ካለ አሁን ንገሪኝ፤ ልጅቷን ለማዳን ነው።»

«ምንም አላደረግሁም።»

«እሺ። ያየሽው የተለየ ነገርስ አለ? ምንም ይሁን።»

ያየሁት የሞተ አይጥና የሞተች ዶሮ ነው፤ የሸተተኝም የሌለ ነጭ ሽንኩርት ነው። ይህን ብናገር በገዛ አፌ ራሴን የማስር መሰለኝ። ዝም ብል ደግሞ እማዋይሽ እዚያ ተኝታለች።

«ቤቱ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል» አልኩት። «ግን ነጭ ሽንኩርት የለንም። እኔም ብቻዬን ቤቱን ስጠርግ ዞሮብኝ ልወድቅ ነበር። ስወጣ ለቀቀኝ። እንዳልዋሸሁ…»

አላስጨረሰኝም። «የት ነው በጣም የሚሸተው?»

«ጓዳ።»

«ጓዳ ምን አለ?»

«በቆሎ።»

ጥሎኝ ወደ ውስጥ ገባ። አባባ ግድግዳ ተደግፈው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሐኪሙ ፊታቸው በርከክ አለ።

«አባት፣ ቤት ያለው በቆሎ ላይ መድኃኒት አድርገዋል?»

አባባ ግር ብሏቸው አዩት። «የነቀዝ ኪኒን ነው» አሉ። «ለነቀዝ ነው እንጂ ለሰው አይደለም እኮ።»

«መቼ ነው ያደረጉት?»

«ሐሙስ ነው። ትናንት ደግሞ ከጸበል ስመለስ ነቀዙ ሲርመሰመስ አየሁና ጨመርኩበት።»

«እሱን ነው ስትተነፍሱ የከረማችሁት።»

«ኧረ እኛ አልበላነውም! በጨርቅ ቋጥሬ ጆንያው ውስጥ ነው የከተትኩት፣ በላስቲክ ሸፍኜዋለሁ። ዱቄቱን የነቀዝ መድኃኒት ስንት ዘመን ስናደርግ የታመመ የለ!»

«ይሄ እንደ ዱቄቱ አይደለም፣ አባት። ኪኒኑ የአየር እርጥበት ሲያገኘው መርዘኛ ጋዝ ይሆናል። በላስቲክ ሥር ሾልኮ ይወጣል። ሽታው አንዳንዴ ነጭ ሽንኩርት ይመስላል። ከቤት ስትወጡ የሚሻላችሁ፣ ስትገቡ የሚያማችሁ ለዚህ ነው።»

እማማ ወደ አባባ አዩ፤ ወደ ልጃቸው አዩ። ወደ እኔ ግን አላዩም።

«መድኃኒቱን ስጧታ!» አለ ደረጀ። «ማርከሻውን ስጧት!»

«ማርከሻ የለውም» አለ ሐኪሙ። «ኦክስጅን እንሰጣታለን፣ ልቧን እንከታተላለን። ሌላውን እግዚአብሔር ያውቃል።»

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በልቤ ውስጥ የተምታታ ነው። እማማና አባባም ተኝተው ሲረዱ፣ የእማዋይሽን እጅ ይዤ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ፤ ማንም አልከለከለኝም፤ ማንም ያዢም አላለኝም። ነጻ ወጥቻለሁ፤ ግን ደስታ አልተሰማኝም። ቁጣ ፈለግሁ፤ እሱንም አላገኘሁትም። እነዚያ ጆንያዎች ከእኛ ክፍል የወጡት ለእኔ ቦታ ለመልቀቅ ነው። ባልመጣ ኖሮ ኪኒኑ የሚደረገው ሰው በማያድርበት ክፍል ነበር። ታዲያ እማማ «እሷ ከመጣች ወዲህ» ሲሉ ተሳስተዋል? ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ሲመጣብኝ መልስ የለኝም።

በማግስቱ እማዋይሽ ዓይኗን ገልጣ ውሃ ጠየቀች። ደረጀ ወጥቶ ግንቡ ሥር ተንበረከከ፤ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

የግብርና ባለሙያ መጥቶ ግቢውን አየ። ማንም ሳይገባ በርና መስኮቱ ከውጭ ተከፍቶ እንዲናፈስ አደረገ፤ ጆንያዎቹን ራሱ አፉንና አፍንጫውን በልዩ መሸፈኛ ሸፍኖ አስወጣ። አባባ ከበሩ ራቅ ብለው ተቀምጠው ነበር።

«የሸጠልኝ ሰው ኪኒኑን በወረቀት ጠቅልሎ ነው የሰጠኝ» አሉት። «ቃል አልተናገረም። እኔም አልጠየቅሁም። ማዳበሪያ የሸመትኩበት ሱቅ ነው፤ ምኑን ልጠይቅ?»

«ይህን ሥራ የሠለጠነ ሰው ነው የሚሠራው፤ ሰው በሚያድርበት ቤት ደግሞ ጨርሶ አይሠራም» አለ ባለሙያው።

ወሬው ቢቸና ደርሶ ኖሮ አባቴ በደብረ ወርቅ፣ በጉንደ ወይን አቆራርጦ በአውቶቡስ መጣ። አልተቆጣም። ለእማማ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ለእማዋይሽ እግዚአብሔር ይማርሽ ብሎ፣ «ልጄን ለጥቂት ጊዜ ልውሰዳት» አለ። ደረጀ እስከ መናኸሪያ ሸኘን።

«አምነህ ነበር?» አልኩት፣ አባቴ ራቅ ሲልልን።

«አላውቅም» አለ። «አላመንኩም ብዬ ልምልልሽ ፈልጌ ነበር። እውነቱን ግን አላውቅም።»

ቢዋሸኝ ኖሮ የምመለስ አይመስለኝም።

ቢቸና በከረምኩበት ጊዜ ሳላስበው የተማርኩት ነገር አለ። አባቴ ሽምብራውን የሚያስቀምጠው ከግብርና ጽሕፈት ቤት ሠልጥኖ ባገኘው፣ ውስጡ ድርብ ላስቲክ ባለው ከረጢት ነው። እህሉ በጥርስ ሲነከስ ቀጭ እስኪል ድረስ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ የተነቀዘው ይለቀማል፤ ያምናው ከዘንድሮው አይደባለቅም፤ ከዚያ አየሩ ወጥቶ አፉ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል።

«መርዙስ?» አልኩት።

«ምን ይሠራልኛል? ነቀዙ አየር አጥሮት ይሞታል።»

ይህን ሲለኝ ተነሥቼ ወጣሁ። የእማዋይሽ ትንፋሽ መጣብኝ።

ከፋሲካ በኋላ ተመለስኩ፤ ከረጢቶች ይዤ። አባባ ከቤቱ ራቅ አድርገው ከመሬት ከፍ ያለ ጎተራ እየሠሩ ነበር። በቆሎውን አብረን አሰጣን፣ አብረን ለቀምን። በየሳምንቱ እየፈታን ማየት አለብን ሲሉ፣ ኧረ አባባ ከተፈታማ አየር ይገባል ብዬ ተከራከርኳቸው፤ ሣቁ። ከሆስፒታሉ ወዲህ ሲሥቁ የሰማሁት ያኔ ነው። እማማ ግን ለብዙ ጊዜ ዓይኔን አይተው አያናግሩኝም ነበር። አንድ ቀን በቆሎ እየፈለፈልን ሳለ ድንገት «ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አሉ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩ። ወዲያው ወጣልኝ ማለት ግን አልችልም። ይቅርታ ብዬ ከጨረስኩ በኋላም የማዝንበት ቀን ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ነቀዝ ጠላት መሆኑን አልክድም። የዓመት ቀለብ ዱቄት ሲሆን አይቻለሁ፤ አባባ ለምን እንደ ጨነቃቸው ይገባኛል። ግን መርዝ የመጨረሻው ነገር እንጂ የመጀመሪያው መሆን የለበትም፤ ማድረቅ አለ፣ ማጽዳት አለ፣ አየር ማሳጣት አለ። መርዝ ግድ ከሆነም ምንነቱን፣ አጠቃቀሙን ሳትጠይቁ ከማንም እጅ አትቀበሉ። ከምትተኙበት ጣሪያ ሥርማ ፈጽሞ። የእናንተ ቤት ሰዎች ሲወጡ የሚሻላቸው፣ ሲገቡ የሚያማቸው ከሆነ ደግሞ በሰው ላይ ጣት ከመቀሰራችሁ በፊት ቤቱን መርምሩ።

ባለፈው ዓመት ከእኛ ብዙም በማይርቅ መንደር አንድ ቤተሰብ ታመመ። እዚያም አዲስ ምራት ነበረች፤ እዚያም ሰው መንሾካሾክ ጀመረ። ወሬውን እትዬ ባንቺ እኛ ቤት አመጡት። ወሬው ሳያልቅ እማማ ነጠላቸውን አንስተው ወጡ፤ እኔም ተከተልኳቸው። እዚያ ግቢ ስንደርስ ሰው ተሰብስቧል፤ ልጅቷ ጥግ ላይ ብቻዋን ቆማለች።

«መጀመሪያ ጓዳውን አሳዩኝ» አሉ እማማ።

ጓዳው ታየ። ኪኒን የለም። መድኃኒት የለም። ሽታም የለም። በሽታው ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላወቅንም፤ የታመሙት ሐኪም ቤት ሰንብተው ዳኑ። በዚያች ሰዓት ግን ሰው ሁሉ እማማን ያያል፤ እህሳ፣ ምንም የለም እኮ የሚል ይመስላል። እኔም አፈርኩ፤ ምን እንደሚሉ ጨነቀኝ።

እማማ ግቢውን አቋርጠው ልጅቷ አጠገብ ሄዱና፣ ክንዷን ይዘው ከጎናቸው አስቀመጧት። ሰው አንድ በአንድ እስኪበተን ድረስ ከዚያ ቦታ አልተነሱም።